ሊጣል የነበረው ዱቄት

ጊዜው ሚያዝያ 1957 ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአሜሪካ ኒው ጀርዚ ግዛት፣ ነትሊ በምትባል ከተማ፣ በሆፍማን-ላ ሮሽ የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ አንድ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ እየጸዳ ነበር። ጠረጴዛዎቹ ባለፉት ዓመታት በተጠራቀሙ ብልቃጦችና ሳህኖች ተጨናንቀው የመሥሪያ ቦታ ጠፍቷል። የማያስፈልገው እየተለየ ይጣላል። ኧርል ሪደር የተባለ ኬሚስት ከሚጣሉት መካከል ጥቂት መቶ ሚሊግራም የሚሆን፣ ጥርት ብሎ የረጋ ክሪስታል አየና እጁን ገታ። ውህዱ የተሠራው ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ግን በእንስሳት ላይ ተሞክሮ አያውቅም።

ሪደር ዱቄቱን ለቤተ ሙከራው ኃላፊ ለሊዮ ስተርንባክ አሳየው፤ ለምርመራ ይላክ ወይ ብሎም ጠየቀ። ስተርንባክ ተስማማ። ሁለቱም ከዱቄቱ ይህ ነው የሚባል ነገር አልጠበቁም። ስተርንባክ ከዓመታት በኋላ እንደጻፈው፣ የገመቱት ምርመራው «አይሠራም» የሚል መልስ ይዞ እንደሚመለስና የረጅም ጊዜ ድካማቸው ቢያንስ በአንድ የሳይንስ መጽሔት ጽሑፍ እንደሚቋጭ ነበር።

ከዚያ ዱቄት የተወለዱት መድኃኒቶች ዛሬ ቤንዞዳያዜፒን በሚል የወል ስም ይጠራሉ። ዳያዜፓም፣ ሎራዜፓም፣ ክሎናዜፓምና ሚዳዞላም ከዚህ ወገን ናቸው። ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን ዘመድ ያስታመመ ወይም እንቅልፍ አጥቶ ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው ከእነዚህ የአንዱን ስም ሳይሰማ አይቀርም። የግኝቱን ታሪክ መከታተል የሚገባውም ለዚህ ነው፤ መድኃኒቱ የተገኘበት መንገድ የሚጠቅምበትንም የሚጎዳበትንም ምክንያት ያስረዳልና።

ከዚያ በፊት የነበሩት

ሰው እንቅልፍን በመድኃኒት መፈለግ የጀመረው ከጥንት ቢሆንም፣ የዘመናዊው ማስታገሻ ታሪክ የሚነሣው ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኬሚስቶች ነው። በ1857 ቻርልስ ሎኮክ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ፖታሲየም ብሮማይድ የሚጥል በሽታን እንደሚያስታግስ ገለጸ። ብሮማይድ ነርቭን ያረጋጋል ተብሎም በሰፊው ተሰራጨ። ነገር ግን ከሰውነት የሚወጣው በጣም ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ በየቀኑ የሚወስደው ሰው ደም ውስጥ እየተጠራቀመ ቆዳ ያቆስላል፣ አእምሮም ያናውጣል።

በ1869 ደግሞ በርሊን ውስጥ ኦስካር ሊብራይክ ክሎራል ሃይድሬት የተባለውን ውህድ ለእንቅልፍ አዋለው። ውህዱን የሠራው ከእርሱ በፊት በ1832 ዩስቱስ ፎን ሊቢክ ነበር። ሊብራይክ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ሲገባ ተሰባብሮ ክሎሮፎርም ይሰጣል፣ ክሎሮፎርሙም ያስተኛል ብሎ አሰበ። መድኃኒቱ በእርግጥ አስተኛ፤ ሐሳቡ ግን ስሕተት ነበር። ክሎራል ሰውነት ውስጥ የሚለወጠው ወደ ክሎሮፎርም ሳይሆን ትራይክሎሮኤታኖል ወደሚባል ሌላ ውህድ ነው። የተሳሳተ ምክንያት ትክክለኛ ውጤት ሲሰጥ በዚህ ታሪክ ውስጥ ገና ደጋግመን እናያለን።

ቀጥሎ የመጡት ባርቢቹሬቶች ናቸው። የሁሉም መሠረት የሆነውን ባርቢቹሪክ አሲድ አዶልፍ ፎን ባየር በ1864 ሠርቶት ነበር፤ አሲዱ ራሱ ግን አያስተኛም። በ1903 ኬሚስቱ ኤሚል ፊሸርና ሐኪሙ ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ አሲዱ ላይ ሁለት የኤቲል ክፍሎችን ጨምረው ባርቢታል የተባለውን የእንቅልፍ መድኃኒት አወጡ። መድኃኒቱ ቬሮናል በሚል ስም ተሸጠ። በ1912 ፌኖባርቢታል ተከተለ። በዚያው ዓመት አልፍሬድ ሃውፕትማን የተባለ ወጣት የጀርመን ሐኪም፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ታካሚዎቹ ሌሊቱን ጸጥ እንዲሉለት ፌኖባርቢታል ሰጣቸው። ታካሚዎቹ ተኙ፤ ከዚያም አልፎ ሲጥላቸው የነበረው በሽታ እየቀነሰ ሄደ። ሰላማዊ ሌሊት ሲፈልግ ለሚጥል በሽታ ፍቱን መድኃኒት አገኘ።

የባርቢቹሬት ችግር መጠኑ ላይ ነው። በሚያስተኛውና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ሰውነት መድኃኒቱን ሲለምደው ሰውየው ለእንቅልፍ ሲል መጠኑን ይጨምራል፤ የሚገድለው መጠን ግን በዚያው ልክ አይርቅለትም። በስሕተት ወይም ሆን ተብሎ ጥቂት ፍሬ ሲጨመር ትንፋሽ ይቆማል። መጠጥ ከታከለበት ደግሞ ሞት ይፈጥናል። ተዋናይት ማሪሊን ሞንሮ በ1962 ሕይወቷ ያለፈው በፔንቶባርቢታልና በክሎራል ሃይድሬት ነው። የሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሐኪሞች አንድ ነገር ይመኙ ነበር፤ ጭንቀትን የሚያስታግስ፣ እንቅልፍ የሚሰጥ፣ ትንፋሽን ግን የማይነካ መድኃኒት።

ከክራኮው እስከ ነትሊ

ሊዮ ስተርንባክ የተወለደው በ1908 በአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ፣ ያኔ በኦስትሪያ-ሃንጋሪ ግዛት ሥር በነበረችው፣ ዛሬ ኦፓቲያ ተብላ በክሮኤሺያ ውስጥ በምትገኘው ከተማ ነው። አባቱ ፋርማሲስት ስለነበር ልጁ ያደገው በመድኃኒት ጠርሙሶች መካከል ነው። ቤተሰቡ በኋላ ወደ ፖላንድ ሄደ። ስተርንባክ በክራኮው ያጌሎኒያን ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ተምሮ በ1931 በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ዶክትሬቱን ያዘ።

ክራኮው ሳለ ለጨርቅ ማቅለሚያ ይሆናሉ ብሎ ያሰባቸውን ውህዶች ይሠራ ነበር። ለማቅለሚያነት አልሆኑም። እርሱ ግን ከእጁ የወጡትን ሞለኪውሎች አልረሳቸውም።

አይሁዳዊ ስለነበር በመካከለኛው አውሮፓ የነበረው ጥላቻ እየበረታ ሲሄድ መውጫ ፈለገ። መጀመሪያ ቪየና፣ ከዚያም በስዊዘርላንድ ዙሪክ ውስጥ፣ በኋላ የኖቤል ሽልማት ባገኘው በሊዮፖልድ ሩዚችካ ቤተ ሙከራ ሠራ። በ1940 ባዝል ውስጥ ሮሽ ቀጠረው። ጦርነቱ አውሮፓን ሲያጥለቀልቅ ኩባንያው አይሁዳውያን ተመራማሪዎቹን ወደ አሜሪካ አሸሸ። ስተርንባክም ከባለቤቱ ከኸርታ ጋር በ1941 ነትሊ ደረሰ። እዚያም ከባልደረባው ጋር ባዮቲን የተባለውን ቪታሚን በፋብሪካ የሚሠራበትን መንገድ አውጥቶ ስሙን አስጠራ።

በ1955 ገበያውን የለወጠ ነገር መጣ። ፍራንክ በርገር የተባለ፣ እንደ ስተርንባክ ከመካከለኛው አውሮፓ የተሰደደ ሐኪም፣ ሜፕሮባሜት የተባለውን መድኃኒት ሚልታውን በሚል ስም ለገበያ አበቃ። መነሻው ፔኒሲሊንን ከብልሽት የሚጠብቅ ኬሚካል ሲፈልግ አይጦች ላይ ያየው እንግዳ ነገር ነበር። ያን ጊዜ የሞከረው ውህድ የተሰጣቸው አይጦች ጡንቻቸው ይላላል፤ ዓይናቸው ግን ክፍት ነው። ሚልታውን በአጭር ጊዜ ውስጥ አሜሪካን አዳረሰ። የመድኃኒት ኩባንያዎች ሁሉ ተመሳሳዩን ለማግኘት ተሯሯጡ። ሮሽም ኬሚስቶቹን የተፎካካሪውን ሞለኪውል ፓተንቱን እስኪያመልጥ ድረስ እንዲለዋውጡት ጠየቀ።

ስተርንባክ በዚህ ሐሳብ አልተማረከም። የሰው ሞለኪውል መለዋወጥ ለኬሚስት አሰልቺ ነው፤ አዲስ ዕውቀትም አያመጣም። እርሱ የፈለገው ብዙ ሰው ያልነካውን፣ በቀላሉ የሚሠራውን፣ በብዙ መልክ ሊለዋወጥ የሚችለውንና ኬሚስቱንም የሚፈትነውን ነበር። ያን ጊዜ ከሃያ ዓመት በላይ የተዋቸው የክራኮው ውህዶች ትዝ አሉት።

ዐርባ ያህል ውህዶችን ሠርቶ ለምርመራ ላከ። አንዱም አልሠራም። ይባስ ብሎ በክራኮው ሳለ ስለ ውህዶቹ ቅርጽ የተጻፈው ትክክል እንዳልነበር ደረሰበት። ሰባት አቶሞች ያሉት ቀለበት አለባቸው የተባሉት ውህዶች በእርግጥ ባለ ስድስት አቶም ቀለበት ነበሩ። የመጨረሻውን በ1955 ሜቲላሚን ከተባለ ኬሚካል ጋር አዋሕዶ ሠራና፣ ውጤቱን ሳያስመረምር ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አለቆቹ ትርፍ የሌለበትን ሥራ ትቶ ወደ ሌላ ፕሮጀክት እንዲሄድ ነገሩት፤ ሄደ። ብልቃጡ እዚያው ቀረ። ሁለት ዓመት አልፎ የሪደር እጅ የደረሰው ይህ ነው።

አይጦቹ የተናገሩት

ዱቄቱ የሮሽ የፋርማኮሎጂ ኃላፊ ወደሆነው ወደ ሎዌል ራንዳል ክፍል ሄደ። አንዱ የምርመራ ዘዴ ቀላል ነበር። የሽቦ ወንፊት ዘንበል ተደርጎ ይተከላል፤ አይጦች ከሥሩ ይቀመጣሉ። መድኃኒት ያልወሰደ አይጥ ወዲያው ሽቦውን ቆንጥጦ ሽቅብ ይወጣና ከላይ ተቀምጦ ዙሪያውን ያሸታል። ባርቢቹሬት የወሰደ አይጥ ግን ተንሸራቶ ይወርድና ከታች ድብን ብሎ ይተኛል፤ ቢነካም አይነሣም።

አዲሱን ዱቄት የወሰዱት አይጦችም ተንሸራተው ወረዱ፤ ጡንቻቸው ላልቷልና መቆንጠጥ አልቻሉም። ነገር ግን አልተኙም። ሲነኳቸው ተነሥተው ይራመዳሉ፤ ዙሪያቸውን ያያሉ። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። መርማሪው «አይጡ ወደቀ» ብሎ ብቻ መዝግቦ ቢሆን ኖሮ ዱቄቱ እንደ አንድ ተራ ማስታገሻ ተቆጥሮ በቀረ ነበር። ወድቆም ነቅቶ መኖሩን ያስተዋለ ዓይን ነው ግኝቱን ያተረፈው።

ሙከራው ቀጠለ። ዱቄቱ ስትሪክኒን የተባለው መርዝ የሚያመጣውን መንዘፍዘፍ ተከላከለ፤ የድመቶችን ጡንቻ ከሜፕሮባሜት በበለጠ አላላ። የቀረባቸውን ሁሉ የሚነክሱ ጦጣዎች ሳይተኙ ገራም ሆኑ። ሐምሌ 1957 ራንዳል ውጤቱን ሲያሳውቅ ስተርንባክ ወደ ኬሚስትሪው ተመለሰ፤ አንድ ጥያቄ አስጨንቆት ነበር። እንደዚያ ያሉ ዐርባ ውህዶች ሳይሠሩ ይህ አንዱ ለምን ሠራ?

መልሱ ራሱ ኬሚስቱ ካሰበው ውጪ ነበር። ሜቲላሚን የተጨመረው ሞለኪውሉ ላይ ያለን አንድ ክሎሪን ተክቶ በቦታው እንዲገባ ነበር። ሜቲላሚኑ ግን ቀለበቱን ራሱን ነካና ባለ ስድስት አቶሙን ቀለበት በርግዶ ባለ ሰባት አደረገው። ስተርንባክ በክራኮው ይዞት የነበረ የመሰለው፣ በኋላም የለም ተብሎ የተረጋገጠው ባለ ሰባት አቶም ቀለበት፣ ሳይታሰብ ነትሊ ውስጥ ተፈጥሮ ብልቃጥ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ኖሯል።

ከቤተ ሙከራ ወደ ታካሚ

በሰው ላይ የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ግኝቱን ሊያጠፋው ተቃርቦ ነበር። መድኃኒቱ ለአረጋውያን ታካሚዎች በከፍተኛ መጠን ተሰጠ። ምላሳቸው ተሳሰረ፤ ሲራመዱም ተንገዳገዱ። ይህን ያየ ሰው መድኃኒቱን እርግፍ አድርጎ ሊተወው ይችል ነበር። ሌሎች ሐኪሞች መጠኑን ቀንሰው፣ በጭንቀት ለሚሰቃዩ ሰዎች ሲሰጡት ግን ጭንቀቱ ለቀቀ፣ እንቅልፍ መጣ፣ አእምሮም ብዙም አልደበዘዘ። ስተርንባክም እንደ ልማዱ በራሱ ላይ ሞከረው፤ ጉልበቱ ትንሽ ከዳውና እንቅልፍ እንቅልፍ አለው።

መድኃኒቱ ክሎርዳያዜፖክሳይድ ተባለ። በ1960 ሊብሪየም በሚል የንግድ ስም ገበያ ወጣ። ስተርንባክ ግን ሥራውን አላቆመም። ሊብሪየም ይመራል፤ ሞለኪውሉም ቶሎ ይበላሻል። የትኛው ክፍል ለሥራው እንደሚያስፈልግና የትኛው ትርፍ እንደሆነ አንድ በአንድ እየነቀለ ሲመረምር፣ ቀለል ያለና ከመጀመሪያው እጅግ የበረታ ውህድ አገኘ፤ ዳያዜፓም። ይህም በ1963 ቫሊየም ተብሎ ወጣ። ከ1969 እስከ 1982 በአሜሪካ ከሁሉ በላይ የታዘዘው መድኃኒት ቫሊየም ነበር። ሽያጩ ጣሪያ በነካበት በ1978 ብቻ 2.3 ቢሊዮን ያህል ፍሬ ተሸጧል።

ሕዝቡ መድኃኒቱን መዋጥ ከጀመረ በኋላ ለዓመታት ግን አንጎል ውስጥ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም።

አንጎል ውስጥ የተገኘው መልስ

በ1950 የአሜሪካ ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም አንዱ ዩጂን ሮበርትስ፣ አንጎል ውስጥ ጋባ የተባለ ኬሚካል በብዛት እንዳለ አሳይተው ነበር። ጋባ የነርቭ ሕዋሳትን የሚያቀዘቅዝ መልእክተኛ መሆኑ ቀስ በቀስ ታወቀ። ለመኪና ፍሬን ማለት ምን እንደሆነ ለአንጎል ጋባ እንደዚያ ነው። ከአንድ የነርቭ ሕዋስ ጫፍ ይለቀቅና በቀጣዩ ሕዋስ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ይጣበቃል። ተቀባዩ መካከሉ የተቦረቦረ ፕሮቲን ነው፤ ጋባ ሲያርፍበት ይከፈትና ክሎራይድ ወደ ሕዋሱ ይገባል። ክሎራይድ የገባበት ሕዋስ በቀላሉ አይነሣሣም።

በ1975 ባዝል ውስጥ የሮሹ ዊሊ ሄፍሊና በአሜሪካ የኤርሚኒዮ ኮስታ ቡድን ቤንዞዳያዜፒኖች የጋባን ሥራ እንደሚያጠናክሩ አሳዩ። በ1977 ደግሞ ሁለት ቡድኖች፣ በባዝል ሃንስ ሞህለርና ቶሺካዙ ኦካዳ፣ በዴንማርክ ሪቻርድ ስኳየርስና ክላውስ ብሬስትሩፕ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ቦታ አገኙ። ዘዴው እንዲህ ነው። ዳያዜፓም ራዲዮአክቲቭ በሆነ ሃይድሮጅን ምልክት ይደረግበታል። የአይጥ አንጎል ይፈጭና የሕዋሶቹ ሽፋን ተለይቶ ምልክት ከተደረገበት መድኃኒት ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ በማጣሪያ ይንጠፈጠፋል። ያልተጣበቀው መድኃኒት ይፈስሳል፤ የተጣበቀው ማጣሪያው ላይ ይቀርና ጨረሩ ይቆጠራል።

ውጤቱ የማያሻማ ነበር። አንጎል ውስጥ ለቤንዞዳያዜፒን የሚሆን የተለየ ቦታ አለ። ከዚህም በላይ፣ በዚያ ቦታ ላይ አጥብቆ የሚይዘው መድኃኒት በሐኪሞች ዘንድም በትንሽ መጠን የሚሠራው ሆኖ ተገኘ። ከብልቃጥ ሥራውና ከሕክምና ልምዱ የተገኙት ማስረጃዎች ገጠሙ።

ቦታው ያለው ራሱ የጋባ ተቀባይ ላይ ነው፤ ጋባ ከሚያርፍበት ግን ይለያል። መድኃኒቱ ብቻውን ተቀባዩን አይከፍተውም። ጋባ ሲመጣ ቶሎ ቶሎ እንዲከፈት ያደርጋል። ባርቢቹሬት ደግሞ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፤ ተቀባዩ አንዴ ከተከፈተ ለረጅም ጊዜ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ያደርገዋል። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ጋባ ሳይኖርም በራሱ ይከፍተዋል።

ሐኪሞች ለዓመታት ያዩት ልዩነት በዚህ ተፈታ። ቤንዞዳያዜፒን ጋባን ስለሚያግዝ፣ አንጎሉ ራሱ ከሚለቀው ጋባ ብዙ ርቆ መሄድ አይችልም፤ ጣሪያ አለው። ባርቢቹሬት ጣሪያ የለውም፤ መጠኑ በጨመረ ቁጥር ትንፋሽን የሚያዙትን የአንጎል ክፍሎች ሳይቀር ጸጥ ያሰኛል። ዳያዜፓም ብቻውን አብዝቶ የወሰደ ሰው ብዙውን ጊዜ ተኝቶ የሚነሣው ለዚህ ነው። ከመጠጥ ወይም እንደ ሞርፊን ካሉ የሕመም ማስታገሻዎች ጋር ሲሆን ግን ይህ ጥበቃ ይፈርሳል፤ እነርሱም በየራሳቸው መንገድ ትንፋሽን ይጫናሉና። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2016 ቤንዞዳያዜፒንን እንደ ሞርፊን ካሉ ማስታገሻዎች ጋር አብሮ መውሰድ ስላለው አደጋ ከፍተኛውን የማስጠንቀቂያ ደረጃ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘግይቶ የተሰማው ማስጠንቀቂያ

መድኃኒቱ ቆሞ የሚመጣው ችግር የታወቀው ገና ከመነሻው ነበር። በ1961፣ ሊብሪየም ገበያ በወጣ በዓመቱ፣ ሊዮ ሆሊስተርና ባልደረቦቹ ለወራት በጣም ከፍተኛ መጠን ሲወስዱ ከቆዩ ታካሚዎች መካከል 11ዱን ሳያውቁት ወደ ባዶ ፍሬ አዞሯቸው። ከእነርሱ 10ሩ ላይ አዲስ ምልክት ታየ፤ እንቅልፍ ማጣት፣ መረበሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት። ሁለቱ ላይ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ መጣ። ብዙዎች ይህ የሚሆነው መጠኑ ከልክ ሲያልፍ ብቻ ነው ብለው ተጽናኑ።

አልነበረም። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በለንደን ማልኮልም ሌደርና ሌሎች፣ ሐኪም ባዘዘው ተራ መጠን ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ሰዎችም ሲያቆሙ እንደሚሰቃዩ አሳዩ። በእንግሊዝ ኒውካስል ከተማ ሄዘር አሽተን በ1982 መድኃኒቱን መተው ለሚፈልጉ ሰዎች ክሊኒክ ከፈተች። ለ12 ዓመታት ታካሚዎቿን እያዳመጠች መጠኑን በጣም ቀስ አድርጎ የመቀነስን ዘዴ አዳበረች። ጽሑፏ ዛሬም ሐኪሞችና ታካሚዎች የሚመሩበት ነው።

ምክንያቱን ተቀባዩ ይነግረናል። አንጎል በየቀኑ የሚታገዝ ማቀዝቀዣ ሲያገኝ ሚዛኑን ለመጠበቅ ራሱን ያስተካክላል፤ ተቀባዮቹ ለመድኃኒቱ የሚሰጡት ምላሽ ይቀንሳል፣ የሚያነሣሡት ክፍሎች ይበረታሉ። መድኃኒቱ ድንገት ሲቆም የበረታው ያለ ተቆጣጣሪ ይቀራል። ጭንቀቱ ከመጀመሪያው ይብሳል፤ እንቅልፍ ጭራሹን ይጠፋል፤ ሲከፋም ሰውየውን ይጥለዋል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «በሽታዬ ተመለሰ» ብሎ ወደ መድኃኒቱ ይመለሳል። የፈቃደኝነት ወይም የባሕርይ ድክመት አይደለም፤ የነርቭ ሕዋሳት ሥራ ነው።

ዕውቀት ሲቀድም

ተቀባዩ ከታወቀ በኋላ ታሪኩ አቅጣጫ ቀየረ። በ1981 የሮሽ ተመራማሪዎች ፍሉማዜኒልን ይፋ አደረጉ። ይህ መድኃኒት የቤንዞዳያዜፒንን ቦታ ይዞ ምንም ሳያደርግ ይቀመጥና ሌላውን ያስወጣል። በደም ሥር ሲሰጥ በቤንዞዳያዜፒን የተኛን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያነቃል።

በ1999 ደግሞ ዙሪክ ውስጥ ኡወ ሩዶልፍ፣ ሞህለርና ባልደረቦቻቸው የአይጦችን ዘረመል ለውጠው አስደናቂ ነገር አሳዩ። የጋባ ተቀባይ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አልፋ 1 የተባለው ክፍል ላይ ካሉት አሚኖ አሲዶች አንዷን ብቻ ሲቀይሯት ዳያዜፓም አይጦቹን ማስተኛት ተሳነው፤ ፍርሃታቸውን ግን እንደ በፊቱ ቀነሰ። እንቅልፍና እርጋታ በአንድ መድኃኒት ይምጡ እንጂ በተለያዩ ተቀባዮች በኩል የሚመጡ ናቸው ማለት ነው። ዞልፒዴም የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት ከሁሉ ይልቅ አልፋ 1ን የሚመርጥ ነው። እርሱም ከጉዳት ነጻ አይደለም። በ2013 የአሜሪካው ባለሥልጣን መድኃኒቱ ጠዋት ድረስ ደም ውስጥ እየቆየ መኪና ለመንዳት አደጋ መሆኑን አይቶ ለሴቶች የሚታዘዘውን መጠን ከ10 ወደ 5 ሚሊግራም አወረደው።

በ1998 ሁለት ቡድኖች ነቅቶ ለመቆየት የሚያስፈልግ፣ ኦሬክሲን የተባለ የአንጎል መልእክተኛ አገኙ። ኦሬክሲን የሚያመነጩ ሕዋሶቹ የጠፉበት ሰው ቀን ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል። ኬሚስቶች ይህን መልእክተኛ የሚያግድ ሞለኪውል ሆን ብለው ፈለጉ፤ በ2014 ሱቮሬክሳንት የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት ፈቃድ አገኘ። ሊብራይክ የተሳሳተ ሐሳብ ይዞ፣ ሃውፕትማን ጸጥታ ፈልጎ፣ ስተርንባክ ቀለበቱን ሳያውቀው ነበር መድኃኒት ላይ የደረሱት። እዚህ ግን ዕውቀቱ ቀድሞ መድኃኒቱ ተከተለ።

ስተርንባክ በ2005 በ97 ዓመቱ አረፈ። በስሙ 241 ፓተንቶች ነበሩ።

ለአንባቢ

ከሊብሪየም እስከ ተቀባዩ መገኘት 17 ዓመታት አልፈዋል። በእነዚያ ዓመታት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ማንም ያልተረዳውን መድኃኒት ወስደዋል። ብዙዎች ከጭንቀትና ከሞት ተርፈዋል፤ ብዙዎችም ሳያውቁት ታስረዋል። እነርሱ ያልነበራቸው ዕውቀት ዛሬ በእጃችን ነው፤ እያለን አለመጠቀም ግን ሰበብ የለውም።

እነዚህ መድኃኒቶች በአገራችንም የሕክምና ምሰሶ ናቸው። ፌኖባርቢታል በኢትዮጵያ የሚጥል በሽታን ለማከም ከሚያገለግሉት ዋነኞቹ አንዱ ነው። ዳያዜፓምም ማቋረጫ ያጣ የመንዘፍዘፍ ሕመምን ለማስቆም በሆስፒታሎቻችን ይሰጣል። በልዩ ማዘዣ የሚሰጡትም ኃይላቸው ስለሚታወቅ ነው። ስለዚህ ጎረቤት ወይም ዘመድ «እኔን አስተኝቶኛል» ብሎ የሰጠዎትን ፍሬ አይውሰዱ፤ የእርስዎንም ለሌላ አይስጡ። ከመጠጥ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉት። ሐኪም ሲያዝልዎ ለስንት ጊዜ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ለእንቅልፍ ከሆነ ከጥቂት ሳምንታት ሊያልፍ አይገባም። ለወራት ሲወስዱ ከቆዩ ደግሞ ነገ ተነሥተው በድንገት አያቁሙት፤ ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱና መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ይውጡ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ማቋረጡ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።